ድራም መቺ የሌለበት ሙዚቃ

ውድ ወጣት አንባቢዎቼ፣

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዋናው ፖስታ ቤት ወጥቼ በቸርችል ጎዳና ወደ ብሔራዊ ቴአትር ስወርድ ዝናብ ያዘኝ። ጃንጥላ አልያዝኩም ነበር። በአቅራቢያዬ ወዳየሁት የጀበና ቡና መሸጫ ገባሁና በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ቡና የምታፈላው ልጅ ስልኳን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቁማ ሙዚቃ ከፍታለች፤ ብርጭቆው ድምፁን ያጎላዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር መጀመሪያ ጆሮዬ የገባው ምቱ ብቻ ነው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል፣ አንዴም የማይፈጥን፣ አንዴም የማይዘገይ የድራም ማሽን።

ልነሳ ፈለግኩ። ይህ የተጋነነ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን በባንድ ውስጥ ትራምፔት ስነፋ ኖሬ፣ ከዚያም እስከ ጡረታዬ ድረስ ትራምፔት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የድራም ማሽንና ኦርጋን በሰማሁ ቁጥር ከተቀመጥኩበት መነሳት ልማዴ ነበር። ሠርግ ላይ ተነስቻለሁ። ከታክሲ ወርጄ የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄጃለሁ። ያን ቀን ግን ዝናቡ አላስወጣ አለኝ።

ከዚያ አኮርዲዮን ገባ።

አኮርዲዮን በእጅ ይያዝ እንጂ ድምፅ የሚያወጣው በአየር ነው። ሆዱ ሲሳብ አየር ይገባል፣ ሲገፋ ይወጣል። አቅጣጫው በሚቀየርባት ቅጽበት ድምፁ ትንሽ ይሰበራል። የትንፋሽ መሣሪያ የተጫወተ ሰው ያችን ስብራት ያውቃታል፤ እኛ አየር የምንስብባት ቦታ ናት። ዜማው አምባሰል ነበር። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር አራቱ ቅኝቶቻችን ብለን ለተማሪ የምናስቆጥረው ማለቴ ነው። በአምባሰል ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ዜማው ወደ ማረፊያው ሲመለስ ደጃፍ ደርሶ ለመግባት እንደሚያመነታ ሰው ነው። ያ አኮርዲዮን እያመነታ ይመለሳል። ከሥሩ ማሽኑ ጠብ ጠብ ይላል፣ እሱ ግን አይቸኩልለትም። ሐረጉን ዘግየት አድርጎ ይጀምራል፣ መጨረሻው ላይ ድምፁን ያንቀጠቅጥና ያሳርፈዋል። ከታች ያለው አይተነፍስም፤ ከላይ ያለው ይተነፍሳል። ቡናዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

በዚህ መካከል አብረን በአንድ ባንድ የሠራን፣ ትሮምቦን ይነፋ የነበረ የድሮ ባልደረባዬ ኮቱን እያራገፈ ገባ። ሰላም ተባባልን። ጎኔ ተቀመጠና ጆሮውን ወደ ስልኩ አዘንብሎ፣ «ደግሞ ይህን ቆርቆሮ እዚህም አመጡት!» አለ።

እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። «ምን ይደረግ፣ ዝናቡ አገተን» አልኩት።

ይህን ደብዳቤ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ስለዚያ ራስ መነቅነቅ ነው። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ውሸቶች ትንሹ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስወደው የነበረውን ነገር፣ እየወደድኩት ባለሁበት ሰዓት፣ አልወደውም አልኩ። ያስገደደኝ ሰው አልነበረም።

ባልደረባዬ ዝናቡ ሲያባራ ተሰናብቶ ሄደ። እኔ ወደ ልጅቷ ዞሬ፣ «ልጄ፣ ቅድም የነበረው ሙዚቃ የማን ነው?» አልኳት።

«እኔም አላውቀውም፣ አባባ። ስልኩ ራሱ እየመረጠ ነው የሚከፍተው» አለችኝና ወደ ኋላ መልሳ ስሙን አሳየችኝ። መነጽሬን አውጥቼ አነበብኩ። ኃይሉ መርጊያ ይላል።

ይህን ስም አውቀዋለሁ። ዋሊያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ሲጫወት ኪቦርዱ ላይ የነበረው እሱ ነው። ሰዓት እላፊ በታወጀበት በደርግ ዘመን ለመደነስ የመጣ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል፣ ባንዱም ታዳሚውም እዚያው ያነጋ ነበር። እኔ ያኔ ጀማሪ ነበርኩ። ገንዘብ አጠራቅሜ አንድ ሌሊት ገብቼ፣ ከነፊዎቹ ፊት ለፊት ቆሜ ጣቶቻቸውን ስቆጥር ነው ያነጋሁት። ከመድረኩ የሚወጣው ንፋስ ደረቴን ይገፋው ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የባንድ ሙዚቃ ማለት ለእኔ ያ ሌሊት ነው።

ታዲያ ያ ሰው ከድራም ማሽን ጋር ምን አገናኘው?

ቤቴ ገብቼ የተጻፈውን አነበብኩ። ዋሊያሶች እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ያ ሙዚቃ ያለበትን ካሴት ሲቀዳ በልጅነቱ የለመደውን አኮርዲዮን አነሳ፣ ኪቦርዶቹንም ራሱ ተጫወተ፣ ለምቱ የድራም ማሽን አስነሳ። ባንድ አልነበረም። ኋላም ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ እስኪያገኝ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ ነው ዓለም ተመልሶ የፈለገው።

አንብቤ ስጨርስ መብራቱን ሳላጠፋ ብዙ ቆየሁ። እኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ጀምሮ የማውቀው የድራም ማሽን ድራም መቺውን ከመድረክ ያባረረ ማሽን ነው። ይኼኛው ማሽን ግን የቆመው ድራም መቺው በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ነው። ጓደኞቹ ባሕር ማዶ የቀሩበት ሰው፣ ሰው በሌለበት ምቱን እንዲጠብቅለት ያስነሳው ነው። እኔ በጆሮዬ የሰማሁት ይህን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ከበርጩማው ያላስነሳኝ ነገር ግን ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

ስለራሴ ጥላቻ ደግሞ ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ሆቴል የምንጫወት ሰባት ሰዎች ነበርን። ሦስታችን የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ነን፤ እኔ፣ ቅድም የነገርኳችሁ ባለ ትሮምቦን ባልደረባዬ፣ እና ሳክስፎን የሚነፋ ጓደኛችን። አንድ ሰኞ ኃላፊው ጠራንና ከእንግዲህ አንድ ኦርጋን ተጫዋችና አንድ ዘፋኝ እንደሚበቃው ነገረን። ሒሳቡ ገብቶናል፤ የሰባት ሰው ደመወዝና የሁለት ሰው ደመወዝ አንድ አይደለም። ዕቃችንን ለመውሰድ ስንገባ አዲሱ ኦርጋን መድረኩ ላይ ተቀምጧል። ቀርቤ አየሁት። ከቁልፎቹ በአንዱ ላይ «ትራምፔት» ተብሎ ተጽፏል። ጣቴን አሳርፌ ተጫንኩት። ከዚያ የወጣውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሳክስፎን የሚነፋው ጓደኛችን መሣሪያውን መርካቶ ወስዶ ሸጠ። ገዢው ማስቀመጫ ሣጥኑን አልፈልግም ስላለው ሣጥኑ ቤቱ ቀረ። የቤት ግብር ደረሰኝና የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ ያኖርበት ነበር። ሲሞት ለቅሶ ደርሰን፣ ልጆቹ ወረቀት ሲፈልጉ ሣጥኑን ከፈቱት። ወረቀቱ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ቀይ ከፈይ ታየ። የሳክስፎኑ ቅርጽ፣ ከአንገቱ እስከ አፉ፣ ከፈዩ ላይ ጎድጉዶ ቀርቷል።

ስለዚህ ሠርግ ላይ ኦርጋን ሲጀመር ስነሳ፣ የምነሳው ከዚያ ሣጥን ፊት ነበር። እኔ ግን ለተማሪዎቼ እንዲህ አላልኳቸውም። «ይህ ሙዚቃ አይደለም» ነው ያልኳቸው። ኀዘኔን የሙያ ብያኔ አስመስዬ አቀረብኩላቸው። እነሱም መምህራቸው ስለሆንኩ አመኑኝ። በደሌ እዚህ ላይ ነው። አንድ ለትራምፔት ጥሩ ከንፈር የነበረው ልጅ አንድ ቀን ትንሽ ኪቦርድ በክንዱ ይዞ ክፍል ገባ። ያቀናበረውን ሊያሰማኝ ነበር። በጓደኞቹ ፊት፣ «አሻንጉሊቱን ቤትህ አስቀምጠህ ና» አልኩት። በሚቀጥለው መንፈቅ አልተመዘገበም። አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ይህን ካነበበ ይቅርታ እንዲያደርግልኝ እለምነዋለሁ።

ልጆቼ፣ «አልወደውም» የምትሉትን ሙዚቃ አንድ ጊዜ ልብ ብላችሁ መርምሩት። ከጆሮ የመጣ ጥላቻ አለ፤ እሱን አልነካባችሁም። ብዙውን ጊዜ ግን ጥላቻው ሲመረመር ከሌላ ቦታ የመጣ ሆኖ ይገኛል። አንዲት ተማሪዬ በገና ሲደረደር ትወጣ ነበር። ከረጅም ጊዜ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እናቷ በታመመችበት ዐቢይ ጾም ከጎረቤት ቀን ከሌት የሚሰማው በገና ነበር። አንዳንዱ መሰንቆ የሚጠላው ከገጠር መምጣቱን እንዳያውቁበት ነው። አንዳንዱ የታላቅ ወንድሙን ሙዚቃ የሚጠላው በታላቅ ወንድሙ ምክንያት ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ የሰው ልብ እንዲህ ነው። ነውሩ፣ እኔ እንዳደረግኩት፣ ቁስልን ሕግ አድርጎ ለሌላ ማውረስ ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ አንድ ትልቅ ሰበብ ነበረን፤ «ባህላችን አይደለም» እንል ነበር። እኔም ብያለሁ። ትራምፔቱስ መቼ የእኛ ነበር? በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት አዲስ አበባ ላይ ሲነፉ፣ መሰንቆውን አንግቶ ከዳር ቆሞ የሰማቸው አዝማሪ ምን ብሎ ይሆን? እኔ እንጀራዬን የበላሁት ያ አዝማሪ ምናልባት «ይህ ደግሞ ምን ጩኸት ነው» ባለበት መሣሪያ ነው።

እንግዲህ ከማትወዱት ዓይነት አንድ ሙዚቃ ድንገት ቢይዛችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ አትሽሹት፣ ቶሎም አታብራሩት። ሥራችሁን አቁማችሁ ደግማችሁ ስሙት። ሁለተኛውን ጊዜ ዜማውን ተዉትና ምቱን ብቻ ተከተሉ፤ ሦስተኛውን ጊዜ ከምቱ በላይ ያለው ነገር የት ላይ እንደሚቀድም፣ የት ላይ እንደሚዘገይ አድምጡ። እኔ በዚህ መንገድ ነው ያችን የአኮርዲዮን ትንፋሽ በትክክል ያገኘኋት። የያዛችሁ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ነው፤ አንዲት ሐረግ፣ አንድ የባስ ጊታር መውረጃ፣ አንዲት ዝምታ። ቦታዋን ካወቃችኋት የእናንተ ናት።

ጓደኞቻችሁ ፊት ደግሞ «ለቀልድ ነው የምሰማው» አትበሉ። ወጣቶች ይህን ሲሉ እሰማለሁና ያሳዝነኛል። የወደዳችሁትን ነገር ከወደዳችሁት በኋላ ማሳነስ ያስለምዳል። ዛሬ በሙዚቃ የጀመረው ነገ በሰው ላይ ይመጣል፤ የምታከብሩትን መምህር፣ የምትወዱትን ሰው፣ ሌሎች ሲያቃልሉት ራስ መነቅነቅ።

ሁሉንም ውደዱ እያልኳችሁ አይደለም። ከዚያ ሐምሌ ወዲህ ብዙ የኦርጋን ሙዚቃ ሆን ብዬ ሰምቻለሁ፤ አብዛኛው ዛሬም አይጥመኝም። ምቱ ተጭኖ፣ ዜማው ምንም ሳይከራከረው አብሮት የሚሄደው ያደክመኛል። አሁን ግን ለምን እንዳልጣመኝ መናገር እችላለሁ፣ ይህም ለመምህር ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለ ትሮምቦኑን ባልደረባዬን አራት ኪሎ ወደሚገኘው ቤቴ ጠራሁት። ቡና ቀረበ። «ያን ቀን ፖስታ ቤት አጠገብ ዋሽቼሃለሁ» አልኩት። ምን እንደዋሸሁ ጠየቀኝ። መልስ ሳልሰጠው የልጄን ድምፅ ማጉያ አስጠጋሁና ያንኑ ሙዚቃ ከፈትኩ።

ምቱ ሲጀምር ፊቱ ተከሰከሰ። አኮርዲዮኑ ሲገባ ስኒውን አስቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ወደፊትና ወደኋላ መንሸራተት ጀመረ፤ ትሮምቦን ከነካ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

«ድራሙ ላይ ማን ነው?» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ማንም የለም።»

«እንዴት ማንም የለም?»

«ብቻውን ነው የቀዳው። አሜሪካ ቀርቶ።»

ሙዚቃው እስኪያልቅ አልተናገረም። ካለቀም በኋላ እጁ ጉልበቱ ላይ ጥቂት ተንሸራተተ።

«እንደገና ክፈተው» አለኝ።