የወንዙ ውሃ ጉድጓዳችን ውስጥ ይገባል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው አቃቂ ነው፣ ግቢያችን ከወንዙ ቢርቅ 30 ሜትር ነው። አምና የእጅ ጉድጓድ አስቆፍረን ለጎመንና ለልብስ እየተጠቀምንበት ነው፣ አሁን እናቴ ለመጠጥም ይሁን እያለች ነው። ጎረቤቶቻችን ውሃ ከመሬት ወደ ወንዝ ይሄዳል እንጂ ከወንዝ ወደ መሬት አይመለስም ይላሉ። እውነት ነው? የወንዙ ወለል ውሃ ያሳልፍ አያሳልፍ እኛው ራሳችን መለካት እንችላለን?

መልስ፦ ወንድሜ በመጀመሪያ እናትህ ላብራቶሪ ሳይመረመር እንዳይጠጡት፣ አደራ። ከታች የምነግርህ ልኬት ምርመራውን አይተካም።

ጎረቤቶችህ ግማሹን ነው የያዙት። በበጋ ብዙ ወንዝ ዝናብ ሳይኖር የሚፈሰው የከርሰ ምድር ውሃ እየገባለት ነው፣ ግን ክረምት ወንዙ ሞልቶ ከጉድጓዱ ውሃ ከፍታ ካለፈ ወይም እናንተ ብዙ ቀድታችሁ የጉድጓዱ ውሃ ከወንዙ በታች ከወረደ አቅጣጫው ይገለበጣል፣ ስለዚ ጥያቄው ይገባል ወይ ሳይሆን መቼ ነው የሚገባው ነው።

ከፍታውን ለማወዳደር ግንበኞች ልክ የሚያወጡበት ውሃ የተሞላ ላስቲክ ቱቦ ይበቃል። ከዛ ቀጭን ብረት ቧንቧ ታችኛው ጫፉን በስተህ በጨርቅ ጠቅልለህ የወንዙ ወለል ውስጥ 60 ሳንቲም ያህል ምታው (ባለሙያዎቹ ፒዞሜትር ይሉታል)፣ ትንሽ ሲረጋ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ከወንዙ ከፍ ካለ ውሃ ከስር ወደ ወንዙ እየወጣ ነው፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ወንዙ ወደ መሬት እየሰረገ ነው።

መጠኑን ለማወቅ ደስ የሚለው ዘዴ በርሜል ነው፣ በፈረንጅ 1977 ዴቪድ ሊ የሚባል ተመራማሪ ጽፎበት ነው በደንብ የታወቀው። የ200 ሊትር በርሜል ጫፍ ተቆርጦ ክፍቱ ወደ ታች ሆኖ ወለሉ ውስጥ ይቀበራል፣ ከላይ በቱቦ ፌስታል ይታሰራል። ባዶ ፌስታል እንዳታስር፣ ሲዘረጋ ራሱ ውሃ ይስባል፣ 1 ሊትር ለክተህ ጨምርበትና እሰረው፣ ወራጁም እንዳይጎትተው በባልዲ ከልለው። በርሜሉ ከዳር እስከ ዳር 57 ሳንቲም ከሆነ አፉ 0.255 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ፌስታሉ በ2 ሰዓት ውስጥ 510 ሚሊ ሊትር ከጨመረ 2 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ወጣ ማለት ነው፣ በቀን 24። ፌስታሉ ከቀነሰ ወንዙ እየሰረገ ነው።

አሁን የቧንቧውንና የበርሜሉን ልኬት አገናኛቸው፣ የበርሜሉን ውጤት ቧንቧው ባሳየው የከፍታ ልዩነት ለጥልቀቱ ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ስታካፍል ወለሉ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ ይመጣል፣ ሄንሪ ዳርሲ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ በፈረንጅ 1856 በአሸዋ ሞክሮ ያሳተመው ሕግ ይሄው ነው። ቧንቧው 3 ሳንቲም ልዩነት ካሳየ 3 ለ60 ማለት 0.05 ነው፣ 24ን ለ0.05 ስታካፍል በቀን 480 ሚሊ ሜትር፣ ግማሽ ሜትር ገደማ ይመጣል፣ ይሄ ደለል የተቀላቀለበት ደቃቅ አሸዋ ይመስላል። ንጹህ ጠጠር በቀን ከ100 ሜትር በላይ ሊያሳልፍ ይችላል፣ ጥሩ ሸክላ ግን 1 ሚሊ ሜትር እንኳን ላይሞላ ይችላል። ለዛ ነው አንድ ቦታ ለክተህ አትመን የምልህ፣ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ሌላ ዓለም ነው፣ ክረምት ደግሞ ጎርፉ ላዩ ላይ የተኛውን ደለል ጠርጎት ሲሄድ ወለሉ በጋ ከለካኸው በላይ ያሳልፋል። ግን ክረምት ወንዙ ውስጥ እንዳትገባ፣ በጋም ቦቲና ጓንት ሳታደርግ አትንካው።

አፈሩ ያጣራዋል የሚሉህም ይኖራሉ። የጀርመኗ ከተማ ዱሰልዶርፍ ከፈረንጅ 1870 ጀምሮ የራይን ወንዝን ውሃ ዳሩ ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ እያጣሩ ይጠቀማሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ጀርመን ውስጥ ለጉድጓድ ጥበቃ ጀርሙ እንዲሞት ውሃው ጉድጓዱ ጋ እስኪደርስ መሬት ውስጥ 50 ቀን የሚፈጅበትን ክልል ነው የሚከልሉት፣ አቃቂ ደግሞ ስሩ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያለበት አገር ነው፣ ስንጥቅ ካገኘ 30 ሜትር ምንም አይደለም። አሸዋ ጀርም ቢይዝም ናይትሬትን አይዝልህም፣ ስለዚ ላብራቶሪ ስትሄድ ኮሊፎርም (ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁም ጀርም) ብቻ ሳይሆን ናይትሬትና ክሮሚየምም ይታይልኝ በል። ናሙናውን አንዴ ጥር ላይ አንዴ ነሐሴ ላይ፣ ብዙ ከቀዳችሁ በኋላ ውሰዱ።

የጉድጓዱን ጥልቀትና ስትቀዱ ስንት ሜትር እንደሚወርድ ጻፍልኝ፣ በሚቀጥለው አብረን እናሰላዋለን።