መልስ፦ ፍርድ ለማሳገድ የተከፈለ የዋስትና ገንዘብ ይመለሳል?

«ይግባኜ እስኪታይ ፍርዱ እንዲታገድ ዋስትና አምጣ ተባልኩ፤ ለኢንሹራንስ ኩባንያው የምከፍለው ይመለስልኛል?» ብለዋል። አረቦኑ፣ ማለትም ኩባንያው ዋስ ስለሆነልዎ የሚከፍሉት ዋጋ፣ አይመለስም፣ ቢረቱም እንኳ። የሚመለሰው በመያዣነት ያስያዙት ንብረት ወይም ገንዘብ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን እንደ መኪና ኢንሹራንስ ስለሚያየው ነው። ዋስትናው የሚጠብቀው እርስዎን ሳይሆን የተፈረደለትን ወገን ነው። ይግባኙ ውድቅ ሆኖ እርስዎ ካልከፈሉ፣ ዋሱ (ኢንሹራንስ ኩባንያው) የዋስትና ሰነዱ ላይ እስከተጻፈው ጣሪያ ይከፍልና የከፈለውን ከነወጪው ከእርስዎ ይጠይቃል። ስለዚህ ለዋሱ መልሰው ለመክፈል የሚፈርሙትን ውል ቃል በቃል ያንብቡት። የትዳር ጓደኛዎ ወይም ሸሪክዎ አብሮ ከፈረመ እሱም ተጠያቂ ነው፤ ይህን ሳይነግሩት አያስፈርሙት።

ፍርድ ቤቱ የዋስትና ሰነዱን ሳይቀበል ብዙ ጊዜ የሚመልሰው በቀላሉ ሊታረም በሚችል ነገር ነው፦ የተከራካሪዎች ስም ወይም የመዝገብ ቁጥር ዋስትና እንዲቀርብ ከታዘዘበት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጋር አይገጥምም፣ ወይም ትእዛዙ ወለድና ወጪን ጨምሮ ሳለ ዋስትናው ዋናውን ገንዘብ ብቻ ይይዛል። ከሁሉ የከፋው ግን የማብቂያ ቀኑ ነው። ትእዛዙ «እስከ መጨረሻ ውሳኔ» እያለ የ1 ዓመት ዋስትና ካቀረቡ፣ ክርክሩ ሳያልቅ ጊዜው ያልፍና እግዱ ሊነሳ ይችላል። ለኩባንያው የትእዛዙን ግልባጭ ይስጡ፤ ረቂቁንም ከመፈረሙ በፊት ከግልባጩ ጋር ያመሳክሩ።

ጉዳዩ ሲያልቅ ዋስትናው እንዲወርድ ለፍርድ ቤቱ ያመልክቱ። ዋሱ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ትእዛዝ እስኪደርሰው ኩባንያው የእድሳት አረቦን ሊጠይቅ፣ መያዣዎንም ሊያቆይ ይችላል።