አንገት ላይ ስለተንጠለጠለችው እንጨት፤ ለጀማሪ የቋንቋ መምህራን

ልጆቼ፣

ሠላሳ ምናምን ዓመት በማስተማር አሳልፌያለሁ። ግማሹን ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ ግማሹን ደግሞ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራንን ሳሠለጥን ነው የኖርኩት። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የጡረታ ጥሩ ነገሩ ማንም ቅጽ ሙላ አይልህም። መጥፎ ነገሩ የሞላሃቸውን ቅጾች አንድ በአንድ ማስታወስህ ነው።

አንዱን ልንገራችሁ።

ተለማማጅ መምህርት ናት። እኔ እንደ ልማዴ ኋላ ወንበር ላይ፣ የግምገማ ቅጼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ልጅቷ «ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር» ዓይነቱን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እያስተማረች ነው። አንዴ አስረዳች፣ አልገባቸውም። ምሳሌ ቀየረች፣ አልገባቸውም። ሥዕል ሳይቀር ሰሌዳው ላይ ሞከረች። በመጨረሻ እኔን ሰረቅ አድርጋ አየችኝና ድምጿን ቀንሳ በልጆቹ ቋንቋ ሁለት ነገር አለች፦ «ይህን እኮ እኛም እንላለን። ያልሆነውን ነገር ቢሆን ኖሮ ብለን ስናወራ ግሱን ምን እናደርገዋለን?» ክፍሉ በአንድ አፍ «አሃ!» አለ። ከዚያ በኋላ የጻፉት ከሞላ ጎደል ልክ ነበር።

እኔስ ምን አደረግኩ? ቅጹ ላይ «በሚያስተምረው ቋንቋ ብቻ ይጠቀማል» የሚል መስመር ነበር። ከ5 ነጥብ 1 ሰጠኋት። ስንወጣ «ልጆቹ ግን ገባቸው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ገብቷቸዋል፤ መንገዱ ግን ልክ አይደለም» አልኳት፣ ኮስተር ብዬ። ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ መጻፏ ነው።

ዓመታት አልፈው ለሌላ ጉዳይ አንድ ትምህርት ቤት ስሄድ እዚያ አገኘኋት። ጎበዝ መምህርት ሆናለች፣ ይፈሯታልም ያከብሯታልም። የክፍሏ ግድግዳ ላይ የስም ዝርዝር ተለጥፏል። ምንድን ነው ብላት፣ በራሳቸው ቋንቋ ሲያወሩ የተያዙ ተማሪዎች ናቸው፣ የክፍሉ አለቃ ነው የሚመዘግባቸው አለችኝ። እንደ ጥሩ ዜና ነበር የነገረችኝ። ለካ ከእኔ የተማረችውን መልሳ እያሳየችኝ ነው።

ያች ዝርዝር ዘመድ አላት፤ ያውም ብዙ። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያ ውስጥ ባለችው ዌልስ፣ ትምህርት ቤት የአገሩን ቋንቋ ዌልሽ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ ትንሽ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ልጁ ከእንጨቷ የሚገላገለው ሌላ ዌልሽ የሚናገር ልጅ ሲይዝና ወደዚያኛው ሲያሳልፋት ነው። ቀኑ ሲያልቅ እንጨቷ አንገቱ ላይ የቀረችው ልጅ ይቀጣል። ፈረንሳይ ውስጥ ብሬቶን የሚናገሩ ልጆችም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ደግሞ በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ የልጅነቱን ትምህርት ቤት ሲያስታውስ ያንኑ ነው የሚነግረን። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ጊኩዩን ሲናገር ለተያዘ ልጅ የልብስ ቁልፍ ትሰጠዋለች፣ እሱ ለሌላ ያቀብላል፣ ማታ ላይ የመጨረሻው ልጅ ማን እንዳቀበለው ይናገራል፣ ያኛውም እንዲሁ፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ የቀኑ «ጥፋተኞች» በሙሉ ይለቀማሉ።

መምህሩ እዚያ መቆም እንኳ እንደማያስፈልገው አያችሁ? ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ጠባቂዎቹ። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ያችን እንጨት ያቀበልኩት ለሕፃን ሳይሆን ለመምህርት ነው። መምህርት ደግሞ በየዓመቱ ለሃምሳ ስድሳ ልጅ ታቀብላለች።

እኔ ስሠለጥን ይህን ታሪክ ማንም አልነገረኝም። የተሰጠኝ «ዘዴ» ተብሎ ነው፣ ሳይንስ ነው ተብሎ። በ1961 ዩጋንዳ፣ ማኬሬሬ ላይ፣ በኮመንዌልዝ አገሮች (በእንግሊዝና በቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ማኅበር) እንግሊዝኛ እንዴት ይሰጥ የሚል ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። ሮበርት ፊሊፕሰን የሚባል ምሁር ከዚያ ጉባኤ የወጣውን እምነት በ1992 አምስት ቦታ ከፍሎ አስቀመጠው፦ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሰጥ፣ ከሁሉ የሚሻለው መምህር አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ነው፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ጥሩ፣ በበዛ ቁጥር ጥሩ፣ ሌላ ቋንቋ ከገባበት ደረጃው ይወርዳል። አምስቱንም ስህተት ናቸው ብሎ ተከራከረ። እኔ አምስቱንም በቃሌ ነበር የማውቃቸው፣ ግን ከየት እንደመጡ አላውቅም ነበር። የሚገርማችሁ፣ ከማኬሬሬ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1953፣ ዩኔስኮ ባወጣው ሪፖርት ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢማር ይሻላል ብሎ ጨርሷል። ናይጄሪያ ውስጥ ደግሞ የትምህርት ምሁሩ ባብስ ፋፉንዋ የመሩት የኢፌ ፕሮጀክት ከ1970 ጀምሮ ልጆችን ስድስቱንም የአንደኛ ደረጃ ዓመታት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በዮሩባ አስተማረ፤ እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ብቻ ነበር የሚሰጠው። ልጆቹ በሌሎቹ ትምህርቶች በለጡ፣ በእንግሊዝኛም ወደ ኋላ አልቀሩም። ማስረጃው ነበር ማለት ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ቅጹ ነው።

አገራችሁ ቅኝ ተገዛ አልተገዛ እዚህ ላይ ብዙ ለውጥ አያመጣም። የመማሪያ መጽሐፉ፣ የፈተናው ዓይነት፣ የሥልጠናው ማንዋል ድንበር አይጠይቅም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ማሠልጠኛ ኮሌጅ የምትቆዩት ሁለት ሦስት ዓመት ነው። ዳን ሎርቲ የሚባል የሶሲዮሎጂ ሰው በ1975 እንዳሰላው፣ አንድ ሰው ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ ድረስ 13,000 ሰዓት ያህል መምህራንን ሲያይ ይቆያል። ስለዚህ ማስተማርን የምትማሩት ከኮሌጁ በፊት ነው፤ ዴስክ ላይ ተቀምጣችሁ። ክፍል ገብታችሁ ግራ ሲገባችሁ ከአፋችሁ የሚወጣው የአሠልጣኛችሁ ቃል አይደለም፣ የአምስተኛ ክፍል መምህራችሁ ቃል ነው። ለዚህ ነው ሌሰን ፕላን ከመጻፋችሁ በፊት ሌላ ነገር ጻፉ የምላችሁ፦ እናንተ ራሳችሁ ቋንቋውን እንዴት እንደተማራችሁት። ማን ሳቀባችሁ? የትኛውን ቃል ላለመሳሳት ብላችሁ ስንት ጊዜ እጃችሁን ሳታወጡ ቀራችሁ? እኔ ይህንን የጻፍኩት ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ላይ ነው፣ በጣም ዘግይቼ፣ አንድ ገጽ ሳልሞላም ደክሞኝ ተውኩት። እናንተ ግን ጨርሱት።

ክፍል ውስጥስ? እዚህ ላይ ዌልስ ትመለሳለች። ያች እንጨት የተንጠለጠለችባት አገር ውስጥ፣ ኬን ዊሊያምስ የሚባል አስተማሪ በ1994 ተማሪ በአንዱ ቋንቋ አንብቦ በሌላው እንዲጽፍ፣ በአንዱ ሰምቶ በሌላው እንዲናገር የሚያደርግ አሠራርን በዌልሽ ቃል ሰየመው። ዛሬ ትራንስላንጉዌጂንግ እየተባለ በየጉባኤው የሚወራው ከዚያ የመጣ ነው። ነገሩ ከስሙ በጣም ይቀላል። ልጆቹ ስለሚጽፉት ጉዳይ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ በፈለጉት ቋንቋ ይከራከሩ። ሐሳብ ሲኖራቸው ወደ እንግሊዝኛው ይሂዱ። ሐሳብም ቋንቋም በአንድ ጊዜ ፈልጉ ከተባሉ የሚጽፉላችሁ ሦስት መስመር ነው፣ እሱም ካለፈው ሳምንት የተቀዳ።

«ክፍሌ ውስጥ ስድስት ቋንቋ አለ፣ እኔ የማውቀው ሁለቱን ነው» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ስድስቱንም ማወቅ የለባችሁም። አንድ ቋንቋ የሚናገሩትን አንድ ላይ አስቀምጧቸው፣ «እናንተ ይህን እንዴት ነው የምትሉት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ለክፍሉ ያስረዱ። ያን ቀን መምህሩ እነሱ ናቸው። ሕንድን ይገዙ ከነበሩት የእንግሊዝ ባለሥልጣናት አንዱ ቶማስ ማኮሌይ በ1835 የሕንድና የዓረብ ጽሑፍ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ጥሩ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ እንደማይበልጥ የፈረደ ጊዜ፣ ሳንስክሪትም ዓረብኛም እንደማያውቅ እዚያው ሰነድ ላይ ጽፏል! ስለ ተማሪዎቻችሁ ቋንቋ «ለሳይንስ አይመችም» ምናምን ከማለታችሁ በፊት ይህን ሰውዬ አስቡት።

ነገር ግን እንዳታበላሹት። ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ሲተረጉሙ መዋል ከቅኝ አስተሳሰብ መላቀቅ አይደለም፣ ስንፍና ነው። ለብዙ ልጅ እንግሊዝኛ የሚሰማባት ብቸኛ ሰዓት የእናንተ ሰዓት ናት። ሌላ ቋንቋ ስታስገቡ ለምን እንዳስገባችሁ መመለስ ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ካልቻላችሁ ደክሟችኋል ማለት ነው፤ እሱም ያጋጥማል።

ስለ አነጋገር ቅላጼም አንድ ነገር። ለእንግሊዝኛው «th» ድምፅ ምላሳችሁን በጥርሳችሁ መሃል አውጡ እያልኩ ያቃጠልኩት ሰዓት ቢደመር አንድ ሴሚስተር ይወጣዋል። የቋንቋ ተመራማሪዋ ጄኒፈር ጀንኪንስ በ2000 ባሳተመችው ጥናት፣ አፋቸውን በሌላ ቋንቋ የፈቱ ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ መግባባትን የሚያሰናክለው ያ ድምፅ እንዳልሆነ አሳየች። ይልቅ የአናባቢ ርዝመትና ጭነቱ የትኛው ቃል ላይ እንደሚያርፍ ነው የሚያሳስበው። ተማሪዎቼ መርከቡንና በጉን (ship እና sheep) እያደባለቁ ሲናገሩ እኔ ምላስ እመለከት ነበር።

«አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ መምህር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ አንገታችሁን አትድፉ። ቴሶል የሚባለው የእንግሊዝኛ መምህራን ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2006 እንዲህ ያለውን አድልዎ እንደሚቃወም በይፋ አውጇል። እናንተ ቋንቋውን ለፍታችሁ ስለተማራችሁት የት ላይ እንደሚያንሸራትት ታውቃላችሁ። አብሮት የተወለደ ሰው ይህን የሚያውቀው ሲያጠና ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ እንዳትሳሳቱ። ልጄ እንግሊዝኛ ይወቅልኝ የሚል ወላጅን «አእምሮው ቅኝ ተገዝቷል» ብላችሁ አትናቁ። ሥራና ኮሌጅ በየትኛው በር እንደሚገባ ከእናንተ በላይ ያውቃል። ደግሞ እንጨቷን የሚያንጠለጥለው ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ አይደለም። የብሬቶን ልጆችን የቀጣቸው የገዛ አገራቸው መንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የአገር ትልቅ ቋንቋም ትንሹ ላይ ይህንኑ ማድረግ ያውቅበታል፣ በተለይ የክፍሉ መምህር የትልቁ ቋንቋ ልጅ ከሆነ።

ከቅኝ አስተሳሰብ መላቀቅ፣ በፈረንጅኛው «ዲኮሎኒያል» የሚባለው ቃል ራሱ ፋሽን ሆኗል። አንድ ስብሰባ ላይ ተናጋሪው ስለ ዲኮሎኒያል ትምህርት አርባ ደቂቃ በእንግሊዝኛ አወራ። ኋላ የተቀመጡ መምህራን እርስ በርስ እየተረጎሙ ሲንሾካሾኩ «እባካችሁ ጸጥታ» አላቸው። የሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ መሰለኝ።

ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ አንድ ቀን ኋላ ወንበር ላይ ቅጽ ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። «በሚያስተምረው ቋንቋ ብቻ ይጠቀማል» የሚለው መስመር እስካሁን ካለ ሰርዙት፤ በምትኩ «የትኛውን ቋንቋ መቼና ለምን እንደተጠቀመ ያስረዳል» የሚል አስገቡ። ከዚያ መምህሩን ሳይሆን ልጆቹን ተመልከቱ።

ያችን መምህርት ያን ቀን ስለ ዝርዝሩ ምንም ሳልላት ነው የተለየኋት። አፍሬ ነው። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ግን ደወልኩላት፤ ስለዚያ ክፍለ ጊዜ፣ ስለ ቅጹ፣ ጥፋተኛው እኔ እንደነበርኩ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ታዲያ አሁን ከ5 ስንት ሊሰጡኝ ነው?» አለችኝ።

እየሳቀች ይሁን አይሁን በስልክ አልለየሁም።