ሰርየስ ነው ወይስ ቱሪንጂየንሲስ? ስለ አንድ የአፈር ባሲለስ ጥያቄ

እህታችን ከአራት ኪሎ አፈር ያወጡት ባሲለስ (ዘንግ መሰል ባክቴሪያ) የ16ኤስ ጂን (የባክቴሪያን ዝርያ ለመለየት የሚነበብ ጂን) ውጤቱ ለባሲለስ ሰርየስም ለባሲለስ ቱሪንጂየንሲስም እኩል ስለተመሳሰለባቸው፣ በጽሑፋቸው የትኛውን ስም እንደሚያሰፍሩ ጠይቀዋል። ለማስትሬት ጥናቴ ከመርካቶ እህል በረንዳ የመጋዘን ወለል በጠረግሁት አቧራ ይኸው ነገር ገጥሞኝ ነበር።

ይህ ጂን በሁለቱ ዘንድ ከሞላ ጎደል አንድ ስለሆነ ሊለያቸው አይችልም። የእንቁላል አስኳል ባለበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ ሁለቱም በዙሪያቸው ነጭ ዝቃጭ ያበጃሉ፣ በደም አጋር ላይ ሁለቱም ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳሉ፣ ማኒቶልን ሁለቱም አያቦኩም። እኔ በእነዚህ ምርመራዎች ሁለት ወር አባክኛለሁ።

የሚለያቸው፣ ቱሪንጂየንሲስ ስፖር (ክፉ ጊዜን የሚያሳልፍበት ጠንካራ ቅርፅ) ሲሠራ አብሮ የሚያበጀው የፕሮቲን ክሪስታል ነው፤ አንዳንድ የነፍሳት እጮች ሲበሉት በአንጀታቸው ሟሙቶ የአንጀቱን ሴሎች ይበሳል። ኤርንስት በርሊነር እ.ኤ.አ. በ1915 ለባክቴሪያው ስም ያወጣለት ከጀርመኗ ቱሪንጂያ በተገኘ የዱቄት ብል እጭ ላይ ስላገኘው ነው፤ የእህል መጋዘን አቧራን የመረጥሁትም ይህን አስቤ ነበር።

ይሁን እንጂ ገና ስፖር ባልሠራ የአንድ ቀን የባክቴሪያ እድገት ላይ ክሪስታል መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። እኔ ያየሁት ለትንሣኤ አገር ቤት ስሄድ ጠረጴዛ ላይ ረስቻቸው በሰነበቱ ፕሌቶች ላይ ነው፤ ከበዓሉ በፊት ግን እነዚያኑ ሰርየስ ብዬ መዝግቤያቸው ነበር! እርስዎ በኑትሪየንት አጋር ላይ በ30 ዲግሪ ከ3 እስከ 5 ቀን ያቆዩት፤ ስፖሮቹ ከሴሉ ተላቀው ሲወጡ ስላይድ ላይ በስሱ ቀብተው፣ በኩማሲ ብሉ (ፕሮቲንን በሚያቀልም ሰማያዊ ቀለም) አቅልመው በ100 እጥፍ ሌንስ ከኢመርሽን ዘይት ጋር ይመልከቱ። ክሪስታሉ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ሲታይ ስፖሩ ቀለሙን እምብዛም አይቀበልም።

ክሪስታሉን የሚያሠሩት ጂኖች በአብዛኛው በፕላስሚድ (ከክሮሞሶሙ ውጭ ባለ ትንሽ ዲኤንኤ) ላይ ስላሉ፣ ባክቴሪያው ወደ አዲስ አጋር ደጋግሞ ሲዛወር፣ በተለይም በከፍተኛ ሙቀት ሲያድግ፣ ሊጠፉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ በእነዚህ ምርመራዎች ከሰርየስ አይለይም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ናሙና ዛሬውኑ በግሊሰሮል አቀዝቅዘው ያስቀምጡ፤ ክሪስታል ካላዩም «የባሲለስ ሰርየስ ቡድን» ብለው ይጻፉ እንጂ ሰርየስ ብለው አይደምድሙ። የአባ ሰንጋ ባሲለስም የዚሁ ቡድን አባል ስለሆነ፣ ያገኙት የማይንቀሳቀስና ደም የማያፈርስ ከሆነ ሥራውን አቁመው ወዲያውኑ ለአማካሪዎ ያሳውቁ።

በፒሲአር (የተፈለገን የዲኤንኤ ክፍል በሚያባዛ ዘዴ) የክሪስታል ጂን መፈለጉን ከማይክሮስኮፑ በኋላ ያድርጉት፤ የጂኖቹ ዓይነት ብዙ በመሆኑ አንዱ ፕራይመር (የሚፈለገውን ጂን የሚይዝ አጭር ዲኤንኤ) ምንም ባያሳይ ሌላ ዓይነት ጂን ሊኖር ይችላል።