ከግራፕሉ በፊት አንድ በርሜል ኮንክሪት

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቨርጂኒያ፣ ኩልፔፐር አካባቢ 12 ኤከር ጫካ የበዛበት መሬት ገዝቻለሁ። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነዳሁ፤ አሁን ጡረታ ስወጣ የአባቴን ሥራ ልያዝ ብዬ ነው። ሐሳቤ ጥቂት በግ፣ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ነው። ባለ 25 ፈረስ ጉልበት ትንሽ ትራክተር ከነሎደሩ አዲስ ገዛሁ። ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። ጉልበት ያንሰዋል፤ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ሻጩ ባክሆ፣ ግራፕል፣ ቲለርና ቺፐር አንድ ላይ ከወሰድክ ቅናሽ አለ፣ በየወሩ ትከፍላለህ ይለኛል። የትኛውን ልግዛ? (ባለፈው የኦክ ግንድ ይዤ ቁልቁለት ስወርድ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ አስደነገጠኝ። መሬቱ ነው መሰለኝ።)»

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ሠላሳ ዓመት መሪ የያዘ ሰው ትራክተር ለመልመድ ብዙ አይቸገርም። አንድ ነገር ብቻ ከታክሲ ይለያል። ታክሲዎ ሰው ቢጭን፣ ሻንጣ ቢጭን አራት ጎማው መሬት እንደረገጠ ነው። ሎደር፣ ማለትም ከፊት ባልዲ የሚያነሳ ክንድ፣ ያለው ትራክተር ግን ዕቃ ባነሳ ቁጥር ክብደቱ ቦታ ይቀይራል።

የጠየቁኝ ስለ አራት ዕቃ ነው፦ ባክሆ (ከኋላ የሚገጠም መቆፈሪያ ክንድ)፣ ግራፕል (ከፊት ግንድ የሚጨብጥ መንጋጋ)፣ ቲለር (አፈር ማረሻ) እና ቺፐር (ቅርንጫፍ መፍጫ)። እኔን ያስደነገጠችኝ ግን በቅንፍ ውስጥ እንደዋዛ ጣል ያደረጓት ነገር ናት። መሬቱ አይደለም፣ ጋሼ። ሊገለበጥብዎት ነበር።

ጎማው ይሽከረከራል፣ ጉልበት ያንሰዋል፣ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ሦስት ችግር ይመስላል፤ አንድ ነው። ከትራክተሩ ኋላ ምን እንደተሰቀለ አልጻፉልኝም። ስለዚህ ምንም የለም ብዬ ወስጃለሁ። ሎደር ገዝቶ የኋላ ክብደት ያልገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ይጽፍልኛል፤ ሁሉም «ጉልበት የለውም» ነው የሚለው። 25 ፈረስ ጉልበት ላሰቡት ሥራ ይበቃል። የጎደለው ክብደት ነው፤ እሱም ከኋላ።

እርጥብ የኦክ ግንድ 16 ኢንች ውፍረትና 8 ጫማ ርዝመት ካለው ወደ 700 ፓውንድ ይመዝናል። ይህን ከፊት ሲያነሱት ትራክተሩ በፊት ጎማዎቹ ላይ ይደገፍና ኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ መሬት አይቆነጥጥም፤ ባዶውን ይዞራል። ሞተሩ ምንም አልሆነም። አባትዎ አህያ ሲጭኑ ጭነቱ ወደ አንገቷ ከተንሸራተተ ምን እንደምትሆን ያስታውሳሉ። ያው ነው።

ወደ ጎን መዘንበሉ ደግሞ እዚህ ጋ ይመጣል። አንድ ቀን ፊቱ ተንበርክከው ከሥር ይመልከቱ። የፊት አክሰሉ ከትራክተሩ ጋር የተያያዘው መሃሉ ላይ ባለች አንዲት ወፍራም ፒን ነው። እንደ ሚዛን ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ጎርበጥባጣ መሬት ላይ አራቱም ጎማ እንዲረግጥ ተብሎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ትራክተሩ በጎኑ እንዳይወድቅ የሚይዙት የኋላ ጎማዎቹ ናቸው። እነሱ ከቀለሉ የሚይዘው የለም። ግንዱ ከፍ ብሎ ከተያዘ ደግሞ አንድ ጉቶ ወይም አንድ ጉድጓድ ይበቃል።

ፍሬኑም አለ። በዚህ መጠን ያሉ አብዛኞቹ ትራክተሮች ፍሬናቸው የሚይዘው የኋላ ጎማ ብቻ ነው። ኋላው ቀሎ ቁልቁለት ከወረዱ ፍሬን ረገጡም አልረገጡም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጭነት ይዘው ሲወርዱ ሁልጊዜ ባለ አራት ጎማውን ያስገቡ። ያኔ የፊቶቹም አብረው ይይዛሉ።

እንግዲህ መድኃኒቱ። ከአራቱ ዕቃ የአንዱን ክፍያ እንኳ አይደርስም፤ ሁለት መቶ ዶላር አካባቢ ነው። ከኋላ ባሉት ሦስት ክንዶች ላይ የሚሰቀል፣ ኮንክሪት የተሞላ በርሜል ይሥሩ።

ባለ 55 ጋሎን በርሜል ይፈልጉ፤ ፕላስቲክም ብረትም ይሆናል። ምግብ ወይም ሳሙና የነበረበት ይሁን፤ ምን እንደነበረበት ያልታወቀ በርሜል አይቁረጡ። ከእርሻ ዕቃ መደብር ለካቴጎሪ አንድ (የትንንሽ ትራክተሮች የኋላ ክንድ መጠን ነው) የሚሆን መጎተቻ ዘንግ ይግዙ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የ7/8 ኢንች ፒን የወጣለት ወፍራም ብረት ነው። የትራክተርዎ ሁለት የታች ክንዶች የሚይዙት እሱን ነው። በርሜሉን ከታች ትንሽ ከፍ ብሎ ግራና ቀኝ ይብሱትና ዘንጉን ያሳልፉበት። ፒኖቹ በሁለቱም በኩል ወጥተው ይቅሩ። ለላይኛው ክንድ ደግሞ ሁለት ጠፍጣፋ ብረት ያቁሙ፤ ከታችኛው ዘንግ 18 ኢንች ከፍታ ላይ ለ3/4 ኢንች ፒን ይብሱት። ብረቶቹ ከታች ዘንጉ ጋር ይበየዱ ወይም በቡሎን ይታሰሩ። ኮንክሪቱ ውስጥ ተተክለው ብቻ አይቅሩ።

አሁን ኮንክሪቱን ይሙሉ። 80 ፓውንድ የሚመዝነው ደረቅ ድብልቅ ስምንት ከረጢት ከነውኃው 700 ፓውንድ ገደማ ይሆናል፤ በርሜሉንም ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሞላዋል። ከመሙላትዎ በፊት ግን ማንዋሉን ይክፈቱ። የኋላ ክንዶቹ ስንት ፓውንድ እንደሚያነሱና ለሎደሩ ስንት ክብደት እንደሚፈለግ ተጽፏል። ትራክተርዎ ከትንንሾቹ ከሆነ ስድስት ከረጢት ሊበቃው ይችላል። የሚሞሉት ትራክተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይሁን። እኔ የመጀመሪያውን ጋራዥ ጥግ ላይ ሞልቼ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ቢያንስ ሳምንት ይድረቅ።

አንዲት ነገር ልጨምር፤ በኋላ ያመሰግኑኛል። ኮንክሪቱ እርጥብ ሳለ ሁለት አጭር የፒቪሲ ቧንቧ አቁመው ይትከሉበት። አንዱ ወፈር ያለ ሆኖ የመጋዙን ምላጭ ይያዝ፤ ሌላው ለብረት መፈንቀያው። ጫካ ውስጥ መጋዝ ጭን ላይ አድርጎ መንዳት ይቀራል።

«የሻጩ ባክሆም እኮ ከባድ ነው» ሊሉኝ ይችላሉ። እውነት ነው፤ ቡሽ ሆግም (ከኋላ የሚገጠም ቁጥቋጦ መቁረጫ) ከባድ ነው። ግን ረጅም ናቸው። ጫካ ውስጥ በታጠፉ ቁጥር ጭራቸው ዛፍ ይገጫል። በርሜል አጭር ነው፤ ዛፍና ዛፍ መሃል ይዞራል።

ጎማ ውስጥ ፈሳሽ ማስሞላትም ጥሩ ነው። ከበርሜሉ ጋር ተጨማሪ ነው፤ ምትኩ አይደለም። ተራ ውኃ ብቻ እንዳይሞሉ፤ ጃንዋሪ ላይ በረዶ ይሆንብዎታል።

በርሜሉ ከተሰቀለ በኋላ ያቺኑ ግንድ ያንሱና ይሞክሩት። ሌላ ትራክተር የገዙ ይመስልዎታል። ሲሄዱ ግንዱ ከጉልበትዎ በላይ አይውጣ። ቁልቁለቱን ቀጥ ብለው ይውረዱ፤ በአግድም አይቁረጡት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ከመቀመጫዎ ጀርባ የቆመው ሮፕስ የሚሉት ብረት ለጌጥ አይደለም፤ ትራክተሩ ሲገለበጥ ከሥሩ እንዳይጨፈለቁ ነው። የእኛ ሰው መሬት ሄጄ ሳይ ብረቱ ታጥፎ ነው የማገኘው። ለምን ስል «ቅርንጫፍ ይይዘዋል» ይሉኛል። አንዱ «ጋራዥ አያስገባኝም» ብሎ ካጠፈው ዓመት አልፎታል። ጋሼ፣ የሚገለበጡት እዚያው ቅርንጫፉ ያለበት ቦታ ነው። ብረቱን ያንሱ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ። ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። ብረቱ ታጥፎ ቀበቶ ማሰር ግን ይባስ አደጋ ነው፤ ከሥሩ ያስቀርዎታል። ቅርንጫፉ ካስቸገረ ቅርንጫፉን ይቁረጡ፤ ረጅም እጀታ ያለው መጋዝ ርካሽ ነው። ለፋሲካ ዘመድ ሲሰበሰብ ሕፃናትን ባልዲው ውስጥ አድርጎ ማዞርም ይቅር። ፎቶው ያምራል፣ አውቃለሁ።

ወደ ሻጩ ዝርዝር እንምጣ፤ አጭር ነው። ከአራቱ አንዱንም አሁን አይግዙ።

ቲለር ጫካ ከነበረ መሬት ጋር አይስማማም፤ ሥር እየያዘ ጥርሱን ይሰብራል። የጎመንና የነጭ ሽንኩርት መደብ ከሩብ ኤከር አይበልጥ ይሆናል፤ ለአንድ ቀን ይከራዩ። ባክሆ ጉቶ ለመንቀል ነው ያሰቡት መሰለኝ። በዚህ መጠን ባለ ባክሆ አንድ የኦክ ጉቶ ቀኑን ይጨርሳል። የበጎቹ ግጦሽ ላይ ያለውን ጉቶ ከመሬት እኩል ቆርጠው ይተዉት፤ በግ በዙሪያው ይግጣል። የመደቡን ብቻ ለመንቀል ሚኒ ኤክስካቫተር ለቅዳሜና እሑድ ይከራዩ። ከመቆፈርዎ በፊት 811 ይደውሉ፤ የመብራትና የጋዝ መስመሩን በነፃ ምልክት ያደርጉልዎታል። ቺፐርም ኪራይ ነው። ግራፕል ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ሎደርዎ ላይ ተጨማሪ የሃይድሮሊክ መስመር ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ዋጋው ውስጥ አይነግሩዎትም።

የሚገዙት ፎርክ ነው፤ እንጨት ፓሌት የሚነሳበት ሁለት ጣት። ግንድ ያነሳል፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ክምር ይሸከማል፣ የመኖ ፓሌት ያወርዳል። ማንዋሉ ላይ ሎደሩ ያነሳል የሚለው ቁጥር የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ክንዱ ጫፍ ላይ ነው። ግንዱ ፎርኩ ላይ ወደ ፊት በራቀ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል፤ ወደ ራስዎ አስጠግተው ይያዙት። ከፎርኩ ጋር መንጠቆ ያለው ጥሩ ሰንሰለት ይግዙ። ግንድ ሲጎትቱ በርሜሉን ያውልቁና ሰንሰለቱን ከታች፣ ከአክሰሉ ዝቅ ብሎ ካለው መጎተቻ ላይ ይሰሩ። በላይኛው ክንድ ወይም በሮፕሱ ላይ አስሮ መጎተት ትራክተሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። የፊት ጎማው ከተነሳ እስኪገለበጥ ሁለት ሰከንድ አይሞላም፤ ክላች ለመርገጥ ጊዜ የለም።

በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ከተረፈ ቡሽ ሆግ፤ ባለ 4 ጫማው ይበቃዎታል። ለአንድ ጫማ ስፋት አምስት የፒቲኦ (ከኋላ የተገጠመውን ዕቃ የሚያዞረው ዘንግ) ፈረስ ጉልበት ይታሰባል፤ ከ25ቱ ደግሞ ፒቲኦው ላይ የሚደርሰው ከ20 ብዙም አይርቅም። ባለ 5 ጫማ ሊሸጡልዎት ይሞክራሉ። ያንን የተሳሰረ አውተም ኦሊቭና የእሾህ ጽጌረዳ ቁጥቋጦ የሚያጸዱት ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ ከታንክስጊቪንግ ወዲህ ነው። ጉቶውም ድንጋዩም ይታያል፤ መዥገሩም ይቀንሳል። ማርች ላይ ግን ከጫካው ይውጡ። ቀዩ ጭቃ ትራክተሩንም መሬቱንም ያበላሻል።

በጎቹን ከማስገባትዎ በፊት ደግሞ ዛፎቹን ከሚያውቅ ሰው ጋር አንድ ዙር ይዙሩ። ብላክ ቼሪ የሚሉት ዛፍ በእናንተ አካባቢ በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። ተቆርጦ የጠወለገ ቅጠሉ ሳያናይድ ያወጣል፤ በግ ይገድላል። ቆርጠው ከጣሉ ቅርንጫፉን በጎች ከማይደርሱበት ያርቁት።

ፎርኩን ከመክፈልዎ በፊት ባልዲው ከሎደሩ ላይ እንዴት እንደሚፈታ ይመልከቱ። በሁለት እጀታ የሚፈታ ሰፊ ሳህን አለው? በፒን ነው? ወይስ የአምራቹ የራሱ መንጠቆ? ሦስቱም የተለያየ ፎርክ ነው የሚፈልጉት። ባልዲውን አውርደው የሎደሩን ፊት ፎቶ ያንሱና ይላኩልኝ። የትኛው እንደሚገጥም እነግርዎታለሁ።