ማሽኑ አይከፋውም፣ ሰውዬው ግን ይከፋዋል፦ ስለ ፎረንሲክ ላቦራቶሪ አለቆችና ሠራተኞች ጥያቄና መልስ

ነዋሪነቴ ጅማ ነው፤ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በላቦራቶሪ ጥራት ቁጥጥር ነው። ስለ ፎረንሲክ ላቦራቶሪ (የወንጀል ማስረጃ የሚመረመርበት ማለቴ ነው) አመራር፣ ስለ ሠራተኛው መንፈስና ስለ ሥራው ጥራት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የላቦራቶሪ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ማሽን የሚሰጠው ውጤት ያው ውጤት ነው። የሠራተኛው ስሜት ምን አገባው?

ማሽኑማ አይከፋውም። ግን ከማሽኑ በፊትም በኋላም ሰው አለ። ናሙናውን ከፍቶ የሚቆርጠው፣ ቁጥር የሚለጥፍበት፣ የሁለት ሦስት ሰው ዲ ኤን ኤ ተቀላቅሎ ሲመጣ የትኛው ምልክት እውነተኛ፣ የትኛው ትርፍ እንደሆነ የሚወስነው ሰው ነው። የጣት አሻራማ ጭራሽ የዓይንና የፍርድ ሥራ ነው። እንቅልፍ ያጣ ወይም ከአለቃው ጋር የተኳረፈ ሰው ማየት ያለበትን ያልፋል። ይህ አንዱ ጉዳት ነው። የባሰው ደግሞ የተጠራጠረውን በሆዱ ይይዛል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው፤ የመጀመሪያውን ሁለተኛ ሰው አይቶ ሊያርመው ይችላል፣ ያልተነገረን ጥርጣሬ ግን ማንም አያርመውም።

ጥያቄ፦ የቡድን መሪ ነኝ። ፋይል ተከምሮብኛል፣ ከላይ ደግሞ በየሳምንቱ ቁጥር ይጠይቁኛል። ፈጣኑን እየሸለምኩ ሌላውን ባነቃቃስ?

አይሞክሩት። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በግዛቱ የዕፅ ላቦራቶሪ ውስጥ አኒ ዱካን የምትባል ኬሚስት ነበረች። ከባልደረቦቿ እጥፍ ድርብ ናሙና ስለምትጨርስ በታታሪነቷ ትወደስ ነበር። ለካ ብዙውን ሳትመረምር በዓይኗ ብቻ እያየች ውጤት ትጽፍበት ኖሯል። በ2012 ተያዘች፣ በ2013 ጥፋቷን አምና ታሰረች፣ በ2017 እሷ ነካክታቸው የነበሩ ከ21,000 በላይ ክሶች ተሰረዙ። የሚያናድደው ባልደረቦቿ ቀደም ብለው ጠርጥረው ለአለቆች ማንሳታቸው ነው። ቁጥሩ ስላማረ ግን ሰሚ አላገኙም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚያ ለቀማው ዓመታት ፈጀ።

በእርስዎ ቦታ ብሆን መጀመሪያ ክምሩን እለየዋለሁ። በየወሩ ዝርዝሩን ይዘው ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይሂዱና የትኛው ክስ ገና በሕይወት እንዳለ፣ የትኛው እንደተዘጋ ያጣሩ። ክሱ አልቆ ወረፋ የሚጠብቅ ኤግዚቢት (ለማስረጃ የተያዘ ዕቃ) እንደሚገኝ አልጠራጠርም። ቀጥሎ ወደ ላይ የሚልኩት ሪፖርት ላይ ካለቁት ፋይሎች ብዛት ጎን ሌላ ዓምድ ይጨምሩ፦ በሁለተኛ ባለሙያ ታይተው ለእርማት የተመለሱት ስንት ናቸው? አንድ ሠራተኛ ብዙ እየጨረሰ አንድም እርማት ከሌለው አጠገቡ ቁጭ ብለው ሲሠራ ይዩት። እንደ ስለላ ሳይሆን እንደ መሪ።

ጥያቄ፦ መርማሪ ፖሊሱ ናሙናውን ሲያስረክብ “ሰውዬው አምኗል፣ አሻራው የሱ ነው፣ ብቻ አረጋግጡልን” ይለኛል። አለቃዬም “ተባበረው” ይላል። ምን ላድርግ?

በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልሂድ፤ የሥራው እምብርት እዚህ ነው።

በመጋቢት 2004 ማድሪድ ውስጥ ባቡሮች በቦምብ ሲመቱ፣ ማፈንጃ ከተገኘበት የፕላስቲክ ከረጢት ላይ አሻራ ተነሳ። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍ ቢ አይ አሻራው ብራንደን ሜይፊልድ የተባለ የኦሪገን ጠበቃ ነው አለ። አንዱ ባለሙያ ወሰነ፣ ሌሎቹ አረጋገጡ፣ ፍርድ ቤት የሾመው ገለልተኛ ባለሙያ እንኳ ተስማማ። የስፔን ፖሊስ ግን አልተቀበለውም፤ በኋላም አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ ሆኖ ተገኘ። ሜይፊልድ 2 ሳምንት ታስሮ ተለቀቀ፣ በ2006 መንግሥት 2 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለው። እነዚህ ባለሙያዎች ሰነፎች አልነበሩም። የኋለኞቹ የፊተኛውን መልስ አውቀው ነው የገቡት፤ በዚያ ላይ የተጠርጣሪውን አሻራ አይተው ተመልሰው የከረጢቱን ሲያዩ፣ መጀመሪያ ያልታያቸው መስመር ይታያቸው ጀመር።

በ2006 ደግሞ ኢቲኤል ድሮር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 5 ልምድ ያላቸው የአሻራ ባለሙያዎችን ፈተኑ። ለእያንዳንዳቸው ከዓመታት በፊት ራሳቸው “የአንድ ሰው ነው” ብለው የፈረሙበትን የአሻራ ጥንድ መልሰው ሰጧቸው፤ “ይህ ያ የተሳሳተው የማድሪድ አሻራ ነው” ብለው። 4ቱ የራሳቸውን ፍርድ ቀየሩ። የተቀየረው አሻራው አይደለም፣ ወሬው ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከፖሊሱ ጋር መጣላት አያስፈልግህም። መንገዱ ይቀየር። ኤግዚቢት የሚረከበው ሰው ሌላ ይሁን፤ ደብዳቤውን እሱ ያንብበው፤ ላንተ የሚደርስህ ናሙናውና “ይህ ከዚህ ጋር ይነጻጸር” የሚለው ብቻ ይሁን። ከወንጀሉ ቦታ የመጣውን አሻራ ብቻውን አይተህ ምን ምን ምልክት እንዳገኘህ ጽፈህ ፈርም፤ የተጠርጣሪውን ከዚያ በኋላ ክፈት። ሁለተኛው ባለሙያ ያንተን መልስ ሳያውቅ ይሥራ። ለአለቃህ ስታቀርበው “ፖሊስ ይጫነናል” አትበል፤ “መከላከያ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ሲያነሳብን የምንመልሰው ይኑረን” በለው። ይህን የማይሰማ አለቃ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ በየሳምንቱ ግምገማ አለ። የተሳሳተ ሰው በሁሉም ፊት ይነሳል። አለቃችን “ጥራት የሚመጣው በዚህ ነው” ይላሉ። እውነት ነው?

አይደለም። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች ተመራማሪ በ1990ዎቹ በሆስፒታል ቡድኖች ላይ የመድኃኒት ስህተትን ስታጠና፣ ጥሩ መሪ ያላቸው ቡድኖች የስህተት መዝገባቸው በዝቶ አገኘችው። ነገሩ ሲመረመር ለካ ስህተት መናገር ስለማይፈሩ ነው። ሌሎቹ ጋ ስህተቱ አለ፣ መዝገብ ላይ ግን የለም።

እንዲህ ብላችሁ ፈትኑት። የሥራ ወረቀት ላይ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ የተሰረዘው መነበብ አለበት፤ ከጎኑ ትክክለኛው ቁጥር፣ ፊርማና ቀን ይገባል። ፍሉድ አይቀባም፣ ወረቀት ተቀድዶ እንደገና አይገለበጥም። አሁን የአንድ ወር ወረቀቶችን ገልብጣችሁ እዩ። አንድም ስርዝ ከሌለ ሠራተኞቹ መላእክት ሆነው አይደለም፤ ንጹሕ ወረቀት እየገለበጡ ነው። ግምገማው ያስተማራቸው ይህንን ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ምሕረት ያግኝ ማለት አይደለም። ተሳስቶ የተናገረ ሰውና ያልሠራውን “ሠርቻለሁ” ብሎ የፈረመ ሰው አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ከናሙና መራቅ አለበት። አይ ኤስ ኦ 17025 የተባለው የላቦራቶሪዎች መስፈርትም፣ የአሁኑ እትም የ2017 ነው፣ ደረጃውን ያልጠበቀ ሥራ ሲገኝ መነሻው ተፈልጎ እርምት እንዲወሰድ ነው የሚጠይቀው። መነሻውን ፈልጉ አለ እንጂ ሰውዬውን በስብሰባ አቁሙት አላለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አስከሬን ምርመራ ላይ ነው የሚሠራው። አንዳንድ ቀን ቤት ገብቶ ቃል አይወጣውም። ልጆቹ ሲጠጉት ይቆጣል። ልጠይቀው ወይስ ልተወው?

እህቴ፣ በገባበት ሰዓት አትጠይቂው። ይታጠብ፣ ይብላ። ዝርዝሩን እንዲነግርሽ አታስገድጂው፤ “ዛሬ ከብዶህ ነበር?” ማለት ይበቃል፤ “አዎ” ካለሽ አጠገቡ ቁጭ በይ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከሁሉ የሚከብደው የሕፃን አስከሬን ነው፤ ከልጆቹ የሸሸበት ቀን ምናልባት እንዲያ ያለ ቀን ይሆናል።

የአንድ ሁለት ቀን ዝምታ ያለ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ቅዠቱ፣ መጠጡ ወይም ጫቱ ከበፊቱ እየባሰ ሳምንታት ካለፉ ግን ሐኪም ይየው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ሩቅ አይደለም። “ሰው ያየኛል” ካለ፣ ሆስፒታል ለመግባት ምክንያት የማያጣ ሰው ቢኖር እሱ ነው በይው።

ለአለቃውም ላክል፦ ከከባድ ጉዳይ በኋላ ሁሉንም ሰብስቦ “ያያችሁትን በግድ ተናገሩ” ማለት አይመከርም፤ አንዳንዱን ይጎዳዋል። ይልቅ በማግስቱ ለብቻ ጠርቶ “እንዴት አደርክ?” ማለት፣ ቀጣዩን ከባድ ጉዳይ ለሌላ ሰው ማዞር፣ ፈቃድ ሲጠየቅ ፊት አለማጥቆር።

ጥያቄ፦ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) በሚጠፋበት፣ መብራት በሚቋረጥበት አገር ስለ ስሜት ማውራት የፈረንጅ ቅንጦት አይመስልህም?

ወዳጄ፣ ስሜቱን የሚጎዳው እኮ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የሥራ መዛልን ሲገልጸው፣ በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ውጥረት የሚመጣ ብሎ ነው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው ልብ መሸሽ፣ የሥራ ውጤታማነት መቀነስ። ሪኤጀንት የጠፋው በግዥ ነው፤ የሚሰደበው ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው ሠራተኛ ነው። አለቃው “ይህ ምርመራ ግብዓት ስለሌለ ቆሟል” ብሎ ለጠያቂው አካል በራሱ ፊርማ ደብዳቤ ቢጽፍ ስንት ብር ያስወጣዋል? ሠራተኛው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ሲጠራ አይደነግጥም።

ጥያቄ፦ ከስልክና ከኮምፒውተር የሚወጡ ዘግናኝ ምስሎችን ነው የማየው። የሚያቀል ዘዴ አለ?

አለ። ድምፁን ዝጋውና ምስሉን ብቻ እይ፤ ድምፅ የግድ ካስፈለገ ለብቻው ስማው። ምስሉን አሳንሰህና ቀለሙን አጥፍተህ ጥቁርና ነጭ አድርገው። የቀኑ መጨረሻ ላይ አትየው፤ ከሱ በኋላ ሌላ ቀላል ሥራ ይኑርህ። ብቻህን በተዘጋ ክፍል አትሥራ። ካለፈው ሳምንት አንድ ምስል እየተመላለሰብህ ከሆነ ደግሞ ለእህታችን የነገርኳት ላንተም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ትናንት ጓደኛቸው የነበርኩ ዛሬ ኃላፊያቸው ተደርጌያለሁ። ከየት ልጀምር?

አንድ ሰው መጥፎ ዜና ይዞልሽ ሲመጣ “ደግ አደረግሽ የነገርሽኝ” ከሚለው። ቁጣው ቢመጣብሽም ቀጥሎ ይምጣ። የመጀመሪያዋን ቀን ፊትሽ ከጠቆረ ሁለተኛ የሚነግርሽ የለም።

ጥያቄ፦ ሠራተኛው ሳያውቅ የፈተና ናሙና ከእውነተኛው ጋር መቀላቀል ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን እንደተሰለሉ አይሰማቸውም?

ጥሩ ነው። የአሜሪካዋ ሂዩስተን ከተማ የፖሊስ ላቦራቶሪዋ በ2002 የዲ ኤን ኤ ክፍሉ እስከመዘጋት ከደረሰ በኋላ፣ ሥራውን በ2014 ከፖሊስ ነፃ የሆነ ማዕከል ተረከበው፤ ይህን አሠራርም ከዚያ ወዲህ አስፋፍቶታል። ስለላ የሚሆነው ተደብቆ ሲጀመር ነው። ናሙናው እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ መቼና በየትኛው ፋይል እንደሚመጣ ግን አትንገሩ። የሚፈተነውም ከርክክቡ እስከ ሪፖርቱ ያለው መንገድ ሁሉ ነው፤ የአለቃው ፊርማ ጭምር። “ይህ ፋይልስ የፈተናው ነው” ብሎ በትክክል ያወቀ ሠራተኛ ካለ ደግሞ ቡና ጋብዙት፤ የሚቀጥለውን ፋይል ግን እውነተኛ አስመስላችሁ አዘጋጁ።