የሎክ ባግሽን ከሲቪሽ አታስቀሪው

ውድ ጠያቂያችን፣

የአምስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪ ነሽ። በኤክስቪ6 (ለማስተማሪያ በተሠራ ትንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ላይ የሠራሽው ፕሮጀክት አልፎ አልፎ ድርቅ ብሎ ስለሚቀር፣ እሱን ይዘሽ ለሲስተም ፕሮግራመርነት ማመልከት እንደከበደሽ ጽፈሽልናል። ሲፒዩው ሎክ (የጋራ ዳታን በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ እንዲነካ የሚያደርግ ቁልፍ) እየጠበቀ ኢንተራፕት (ሥራውን አቋርጦ የሚገባ የሃርድዌር ጥሪ) እንዲያስተናግድ ብለሽ፣ ሎክ በሚይዘው አኳየር ውስጥ ያለውን፣ ኢንተራፕት የሚዘጋውን ፑሽ ኦፍ ከመጠበቂያው ሉፕ በኋላ አዙረሽዋል።

ማመልከቻውን አታዘግዪ፤ ባጉን ግን እስከ ሥሩ ተረጂው። በዚህ መስክ የሚቀጥርሽ ሰው «ኦፕሬቲንግ ሲስተም አውቃለሁ» ከሚል መስመር ይልቅ ይህን ቢያይ ይመርጣል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። የአፕታይም ሲስተም ኮል (ሲስተሙ ከተነሳ ያለፈውን ጊዜ የሚጠይቅ ጥሪ) ቲክስሎክን (የጊዜ ቆጠራውን የሚጠብቀውን ሎክ) ይጠይቃል፤ አቶሚክ ስዋፑ (ሎኩን በማይከፈል አንድ እርምጃ የሚይዘው ትእዛዝ) ይሳካና ሎክድ የሚባለው ፊልድ 1 ይሆናል፤ ፑሽ ኦፍ ገና አልተጠራም። በዚያች ቅጽበት ሲፒዩ 0 ላይ የታይመር ኢንተራፕት ከገባ፣ እሱን የሚያስተናግደው ኮድ (ሃንድለሩ) ክሎክ ኢንተር ያንኑ ሎክ ይጠይቃል። ሎኩን የያዘው ኮድ ኢንተራፕቱ ሳያልቅ አይቀጥልም፤ ኢንተራፕቱም ሎኩ ሳይለቀቅ አያልቅም። ሆልዲንግ የሚባለው ፍተሻ (ይህ ሲፒዩ ሎኩን አስቀድሞ ይዞት እንደሆነ የሚያይ) እንዲህ ያለውን በፓኒክ (ሲስተሙን በስህተት መልእክት በማቆም) ያጋልጥ ነበር፤ የሎኩ ባለቤት ሲፒዩ የሚመዘገበው ግን ከስዋፑ በኋላ ስለሆነ ፍተሻው ባዶ ያገኛል። ፓኒክ ሳይወጣ ዝም ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው።

አሁን ሆን ብለሽ አስነሺው። የሎክ ባግ ሲፒዩ ሲበዛ ይብሳል ይባላል፤ እዚህ ግን ቲክስን (የታይመር ምቶችን) የሚቆጥረው ሲፒዩ 0 ብቻ ስለሆነ በ3 ሲፒዩ ግጭቱ ይሳሳል። ስለዚህ በ1 ሲፒዩ አስነሺ፣ በስዋፑና በፑሽ ኦፍ መካከል ረዘም ያለ ባዶ ሉፕ ጨምሪ፣ አፕታይምን ደጋግሞ የሚጠራ ፕሮግራም አስኪጂ። ታይመሩ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ስለሚመጣ ብዙ አትጠብቂም። ሲቆም በጂዲቢ (የሚሄድን ፕሮግራም አቁሞ ውስጡን በሚያሳይ መሣሪያ) አቁመሽ ቲክስሎክን አትሚ፦ ሎክድ 1፣ ሲፒዩ የሚለው ፊልድ 0 (ባዶ ፖይንተር፣ ማለትም ባለቤት ያልተመዘገበለት) ካየሽ ይኸው ማስረጃሽ። ባክትሬሱም (የጥሪዎቹ ቅደም ተከተል) አኳየርን ከክሎክ ኢንተር ተጠርቶ ያሳይሻል።

ማስተካከያው ፑሽ ኦፍን ወደ አኳየር የመጀመሪያ መስመር መመለስ ነው። ሎክ በሚለቀው ሪሊዝ ውስጥም ኢንተራፕትን መልሶ የሚከፍተው ፖፕ ኦፍ ሎኩ ከተለቀቀ በኋላ ይምጣ፤ ቀድሞ ከመጣ ያው ክፍተት በሌላው ጫፍ ይከፈታል። ፖፕ ኦፍን በቀጥታ ኢንተራፕት በሚከፍት ትእዛዝም አትተኪው። ሁለት ሎክ ተደራርቦ ሲያዝ የውስጠኛው ሲለቀቅ ኢንተራፕት ይከፈትና ውጪኛው ይጋለጣል፤ ፑሽ ኦፍና ፖፕ ኦፍ የሚጠቀሙበት የድርርብ ቆጣሪ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ኢንተራፕት ለረጅም ጊዜ መዘጋቱ ካሳሰበሽ፣ ሎኩን ይዘሽ የምትሠሪውን ሥራ አሳጥሪ።

ቀጥሎ ይህንኑ ስህተት በሊኑክስ ድገሚው። የኢንተራፕት ሃንድለር የሚይዘውን ሎክ በፕሮሰስ በኩል በተራ ስፒን ሎክ (ኢንተራፕት ሳይዘጋ እየዞረ በሚጠብቅ ሎክ) የሚይዝ ትንሽ ሞጁል ጻፊ፤ ከርነሉን (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ዋና ክፍል) ፕሩቭ ሎኪንግ የሚባለውን የሎክ ፍተሻ አማራጭ አብርተሽ ኮምፓይል አድርጊው። ሁለቱም መንገዶች አንድ አንድ ጊዜ ከሄዱ ሎክዴፕ (በዚህ አማራጭ የሚበራው የሎክ ተቆጣጣሪ) ከርነሉ ሳይቆም ያስጠነቅቃል። ከመጀመሪያው ሪፖርት በኋላ ራሱን ስለሚያጠፋ፣ አስተካክለሽ ሪቡት ካላደረግሽ ሁለተኛውን አታዪም። ከዚያ ተራውን ስፒን ሎክ ኢንተራፕትንም በሚዘጋው አይአርኪው ሴቭ ቀይሪው።

ጊት ላይ ሦስት ኮሚት ይበቃል፦ ማስነሻው፣ የጂዲቢው ውጤት ከማብራሪያ ጋር፣ ማስተካከያው። ሊንኩን ሲቪሽ ላይ ከፕሮጀክቱ ስም ጎን አስቀምጪ። ኢንተርቪው ላይ «ለምን ሙቴክስ አልተጠቀምሽም?» መባሉ አይቀርም፤ ሙቴክስ (ሌላው የሎክ ዓይነት) ሎኩ እስኪለቀቅ ጠያቂውን ሊያስተኛ ይችላል፣ የኢንተራፕት ሃንድለር ደግሞ መተኛት አይችልም።